በስሌት የሚመታ ልብ፦ የአካል ክፍሎች የኮምፒውተር አምሳያ ምንድን ነው? ለወሎ ሕመምተኛስ ምን ይፈይዳል?

«በኮምፒውተር ውስጥ የሚመታ ልብ ተሠራ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር፣ የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ የሚያነሳው ጥያቄ ከደሴ እስከ ወልድያ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለልጃችን ይገጠምላት ይሆን?» ተስፋ ያዘለ ጥያቄ ስለሆነ ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። አይገጠምም። ይህ ልብ ሥጋ የለውም፣ ደምም አይረጭም። ከስሌት የተሠራ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ እውነተኛው ልብ በቀዶ ሕክምና ከመነካቱ ወይም አዲስ መድኃኒት ከመሞከሩ በፊት ሊከተል የሚችለውን አስቀድሞ ለማስላት ያስችላል።

ነገሩ በአንዳንድ አገሮች ከምርምር አልፎ የሆስፒታል ሥራ ሆኗል። እንዴት እንደሚሠራ፣ እስከ የት እንደሚታመን፣ ወሎ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ምን ሲሟላ እንደሚደርሰው ማወቅ ከአሁኑ ይጠቅማል።

በስልክ የምናየው ባለ ቀለም ምስል ነው አምሳያው?

አይደለም። በስክሪን ላይ ሲሽከረከር የሚታየው የልብ ምስል መልኩን ብቻ ያሳያል። አምሳያ የሚባለው ከምስሉ ጀርባ ያለው የሒሳብ ቀመር ስብስብ ነው፤ የልቡን አሠራር የሚገልጹ፣ አንዱ ሲለወጥ ሌላው አብሮ የሚለወጥ ቀመሮች ናቸው። ምስልን «የልብ ምቱ በደቂቃ ከ80 ወደ 120 ቢያሻቅብ በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ስንት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አምሳያን ይቻላል።

አምሳያው የማንም ያልሆነ፣ የሰውን ልብ በጥቅሉ የሚገልጽ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎችና መድኃኒት አምራቾች በብዛት የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። በአንድ ሰው ልኬት ተስተካክሎ የዚያን ሰው ልብ እንዲመስል ሲደረግ ደግሞ «ዲጂታል መንታ» ይሉታል።

ደሴን እናስብ። ከጦሳ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች የውሃው ግፊት ከሠፈር ሠፈር ይለያያል። አንድ ሠፈር ውሃ ሲቀንስበት መሐንዲሱ መንገዱን ሁሉ አይቆፍርም። የቧንቧውን ስፋት፣ ርዝመትና የቦታውን ከፍታ ያውቃል፤ በጥቂት ቦታዎች ግፊቱን ይለካል። ከዚያ በወረቀት ላይ ያለው ስሌት ከለካው ቁጥር ጋር እስኪገጥም ድረስ ያስተካክላል። ሲገጥምለት መስመሩ የት ጋ እንደጠበበ፣ ቧንቧው በሰፊ ቢቀየር ደግሞ ለላይኛው ሠፈር ምን ያህል እንደሚጨምር ሳይቆፍር ይናገራል። የልብ አምሳያ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ቧንቧው ሕያው መሆኑ፣ መጥበቡና መስፋቱ፣ ፓምፑም በቀን ወደ 100,000 ጊዜ የሚመታ መሆኑ ነው።

ልብ እንዴት ወደ ሒሳብ ይቀየራል?

መነሻው ኤሌክትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አላን ሆጅኪን እና አንድሩ ሃክስሊ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ በወሰዱት ወፍራም ነርቭ ላይ ሙከራ አድርገው፣ የነርቭ መልእክት በሕዋስ ግድግዳ በኩል በሚገቡና በሚወጡ ጨዋማ ቅንጣቶች እንደሚፈጠር በቀመር አሳዩ። በ1963 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች ዋነኛው ይህ ነው። በ1960 ደግሞ በለንደን የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዴኒስ ኖብል ያንኑ ሐሳብ ወደ ልብ ሕዋስ አመጣው። ከበግ ልብ ላይ የለካውን ይዞ፣ ያኔ በከተማው ብርቅ በነበረ ኮምፒውተር ላይ በውድቅት ሌሊት በሚሰጠው ሰዓት ቀመሩን ያሰላ ነበር። ቀመሩም ማንም ሳይቀሰቅሰው በራሱ እየደጋገመ መምታት ጀመረ። በስሌት የመታው የመጀመሪያው የልብ ሕዋስ እርሱ ነው። ያ ሌሊቶች የፈጀ ስሌት ዛሬ በማንኛውም ተራ ላፕቶፕ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ከአንድ ሕዋስ ወደ ሙሉ ልብ ለመድረስ ግን ሌላ ብዙ ሥራ አለ። ከሲቲ ስካን ወይም ከኤም አር አይ የተገኘው የልብ ቅርጽ በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ጥያቄ ይቀርብለታል። ኤሌክትሪኩ መቼ ይደርሰዋል? ሲደርሰው በምን ያህል ኃይል ይኮማተራል? መኮማተሩ ደሙን ወዴት ይገፋዋል? የአንዱ መልስ ለጎረቤቱ ጥያቄ ስለሚሆን ሁሉም አንድ ላይ መፈታት አለባቸው፤ ያውም ለእያንዳንዷ የሚሊ ሰከንድ ቁራጭ። ለዚህ ነው የአንድ ምት ሙሉ ስሌት በኃይለኛ ኮምፒውተሮች ላይ እንኳ ሰዓታት ሊወስድ የሚችለው።

ለእኛ ሐኪሞች ፈጽሞ እንግዳ ነገር ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በጣም ቀላሉ አምሳያ በደሴም ሥራ ላይ ያለ ነው። በተለምዶ ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው።

ታካሚዋ በግራ ጎኗ ትተኛለች። ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል፤ ሐኪሙ መሣሪያውን ከግራ ጡቷ ሥር አስደግፎ የግራውን የላይኛና የታችኛ የልብ ክፍል የሚያገናኘውን በር ይፈልጋል። ይህ በር ሚትራል ቫልቭ ይባላል። በጤናማ ሰው ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ከባድ ነው ይባላል። ሐኪሙ ምስሉን ያቆመዋል፣ በስክሪኑ ላይ ነጥብ እያስቀመጠ በሩን ይለካል፣ ቀጥሎም ደሙ በጠበበው በር ሲያልፍ ያለውን ፍጥነት ያነባል።

እዚህ ላይ ማሽኑ ግፊትን አይለካም፤ ያሰላዋል። ቀመሩ አጭር ነው፦ ፍጥነቱን በራሱ አባዛ፣ ውጤቱን በ4 አባዛ። ደሙ በሰከንድ 2 ሜትር ከሄደ 2 በ2 ሲባዛ 4፣ እርሱ በ4 ሲባዛ 16፤ ስለዚህ በበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው የግፊት ልዩነት በከፍተኛው ነጥብ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ) ነው። ቀድሞ ይህን ቁጥር ለማግኘት ቀጭን ቱቦ በደም ሥር በኩል እስከ ልብ ድረስ ማስገባት ግድ ነበር። ዛሬ የፈሳሽ እንቅስቃሴ ሕግ በቱቦው ፈንታ ይሠራል። ታላላቆቹ የኮምፒውተር ልቦች የተሠሩት ይኸው ሕግ ሳይቀነስና ሳይቀለል ተጽፎ ነው።

ሌላው ዓለም ምን እየሠራበት ነው?

በብዛት ሥራ ላይ የዋለው የልብ ጡንቻን የሚመግቡ የደም ቧንቧዎች ሲጠቡ ነው። ጥበት በሲቲ ስካን መታየቱ ብቻ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም፤ ደሙን ምን ያህል እንደሚያግድ መታወቅ አለበት። የተለመደው መንገድ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ሽቦ አስገብቶ ከጥበቱ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት መለካት ነው። ከጥበቱ በኋላ ያለው ግፊት ከፊተኛው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ጎጂ ነው ተብሎ ይያዛል። ሃርትፍሎው የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ቁጥር ከሲቲ ስካኑ ላይ በስሌት ብቻ የሚያወጣ ዘዴ አበጀ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቀደለት፣ በ2017 ደግሞ የብሪታንያ የጤና ባለሥልጣን ለሆስፒታሎች መከረው።

ውጤቱን ሳያጋንኑ ማየት ይገባል። በብሪታንያ 1,400 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ሽቦ የማስገባቱ ምርመራ መቀነሱን አሳይቷል፤ አጠቃላይ ወጪው ግን በጉልህ አልቀነሰም። ለታካሚው አካላዊ ድካምን መቀነሱ አንድ ነገር ነው፣ ርካሽ መሆኑ ሌላ።

ሁለተኛው መስክ የተዛባ የልብ ምት ነው። ሐኪሞች ምቱን የሚያዛባውን ቦታ ፈልገው በቱቦ ጫፍ ባለ ሙቀት ያቃጥሉታል፤ ችግሩ ቦታውን ማግኘት ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የናታሊያ ትራያኖቫ ቡድን የታካሚውን ልብ ከነጠባሳው በኮምፒውተር ሠርቶ፣ የተዛባውን ምት በአምሳያው ላይ እየቀሰቀሰ የሚቃጠለውን ቦታ አስቀድሞ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሙከራቸው በ10 ሕመምተኞች ላይ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑን ልብ ይሏል። ተመሳሳይ ሐሳብ በፈረንሳይ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና በአንጎል አምሳያ እየተሞከረ ይገኛል።

መድኃኒትን ሰው ሳይወስደው መፈተን ይቻላል?

በከፊል አዎን። ለሌላ ሕመም የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች የልብ ምትን እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ያዛባሉ፤ ለአለርጂ ይሰጥ የነበረው ተርፈናዲን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ከገበያ የወጣው በዚህ ሰበብ ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 62 መድኃኒቶችን በኮምፒውተር የሰው ልብ ሕዋሳት ላይ ሲፈትኑ አደገኛውንና ደኅናውን በመለየት 89 በመቶ ትክክል ሆነዋል። ከእንስሳት ሙከራ ጋር ባደረጉት ንጽጽር የእንስሳቱ 75 በመቶ ነበር።

በስኳር ሕመም ደግሞ ቀደም ብሎ ነው የተጀመረው። በአሜሪካ የቨርጂኒያና በጣሊያን የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች 300 ምናባዊ ሕመምተኞችን ሠርተዋል፤ 100 አዋቂዎች፣ 100 ጎረምሶችና ኮረዶች፣ 100 ሕፃናት። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህን ተቀብሎ፣ ኢንሱሊንን በራሱ እየመጠነ የሚሰጥ መሣሪያ በሰው ከመሞከሩ በፊት በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ፈተና እንዲተኩ ፈቀደ። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ግን አልቀረም፤ መቅረትም የለበትም።

ስሕተት የሚገባው ከየት በኩል ነው?

ከኮምፒውተሩ ይልቅ በልኬቱ በኩል ነው። ወደ ኢኮው ስሌት እንመለስ። ሐኪሙ መሣሪያውን ከደሙ አቅጣጫ ጋር በደንብ ሳያስተካክል ቀርቶ 2 ሜትር የሆነው ፍጥነት 1.6 ሆኖ ተነበበ እንበል። የፍጥነቱ ስሕተት 20 በመቶ ነው። ግፊቱ ግን ከ16 ወደ 10 ገደማ ይወርዳል፤ ከሲሶ በላይ ጎደለ ማለት ነው። ከባዱ ሕመም መካከለኛ መስሎ ሊጻፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ቁጥር በዓለም ላይ ምርጥ ወደሚባለው አምሳያ ቢገባ ቆንጆ፣ ባለ ቀለም፣ ግን የተሳሳተ መልስ ይወጣል። ለዚህ ነው የሠለጠነ እጅና የተስተካከለ መሣሪያ ከሁሉም የሚቀድመው ብዬ የማምነው።

ሌላው ስሕተት ይበልጥ ስውር ነው። አምሳያው ውስጥ በዚያ ሰው ላይ ሊለኩ የማይችሉ ብዙ ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ የልብ ጡንቻው ግትርነት። እነዚህ የሚሞሉት ቀድሞ ከተጠኑ ሌሎች ሰዎች በተወሰደ አማካይ ነው። እነዚያ ሌሎች ሰዎች እነማን ናቸው?

የወሎ ሰው ልብ በአምሳያው ውስጥ አለ?

እስካሁን የተጠቀሱት ጥናቶች ሁሉ የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። የዚያ አገር ዋና የልብ ችግር በስብ የጠበበ የደም ቧንቧና በዕድሜ ብዛት የደነደነ ቫልቭ ነው። በእኛ አገር ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች አንዱ ግን ሩማቲክ የሚባለው ነው። መነሻው በልጅነት የሚይዝ፣ በወጉ ያልታከመ፣ ብዙዎቻችን በደፈናው ቶንሲል የምንለው የጉሮሮ ሕመም ነው። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልብ በሮችንም ያጠቃል፤ በሮቹ ጠባሳ ይይዛሉ፣ ጠርዛቸው ይጣበቃል፣ ይጠባሉ። የ20 ዓመት ወጣት ሚትራል ቫልቭ በዚህ መንገድ ሲጠብ ቅርጹም ባሕርዩም ከ80 ዓመት አዛውንት የደነደነ ቫልቭ ጋር አይገናኝም።

አምሳያው ለማን እንደሚያስፈልግ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ከደላንታ ወይም ከወረባቦ የመጣች፣ በሯ የጠበበ ሴት ዳገት ስትወጣ ትንሽ ከማለክለክ በቀር ደኅና ልትመስል ትችላለች። ስታረግዝ የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ገደማ ይጨምራል፣ የልብ ምቷም ይፈጥናል። በጠበበው በር የሚያልፈው ደም በዝቶ የማለፊያው ጊዜ ያጥራል፤ ደሙ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል። ብዙ ሴቶች ሕመሙ እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚያን ጊዜ ነው። ከእርግዝናው በፊት በተለካ ልኬት ላይ ተመሥርቶ «ደሙ በግማሽ ቢጨምር፣ ምቱ 110 ቢደርስ፣ የሳንባዋ ግፊት ስንት ይሆናል?» የሚለውን ማስላት፣ በሩን በፊኛ ማስፋት አስቀድሞ ያስፈልጋታል ወይ የሚለውን ለመወሰን ይረዳ ነበር። ለአዛውንቶች ቫልቭ የፈሰሰው የምርምር ገንዘብ ለዚህች ሴት ቢፈስ ምኞቴ ነው።

ከፍታም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን በሐረጎ ቁልቁል ወርደው የሚደርሱባት ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፤ ወደ ዋድላና ደላንታ ደጋ ሲወጡ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደም ሂሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅንን የሚሸከመው የደም ክፍል) የኦክስጅን መጠናቸውም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢን ግን በከፍታ ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ከሌላ አገር ደገኛ የተወሰደ አማካይ ለእኛ ደገኛ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። መለካት ያለበት እዚሁ ነው።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ምን ሊጀመር ይችላል?

ሥራው ሐኪምና መሐንዲስ አብረው እንዲቀመጡ ይጠይቃል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን በደሴ፣ ምሕንድስናን በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፤ በመሐላቸው ያለው የአንድ ሐረጎ ቁልቁለት ነው። ሲምቫስኩላርን የመሳሰሉ የደም ፍሰት ማስያ ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የአንድ ቫልቭ ቀላል አምሳያ ለመሥራት ግዙፍ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

የጎደለው ተጠብቆ የቆየ ልኬት ነው። ታካሚ ኢኮ ሲታይ በአብዛኛው የሚሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ታጥፎ በፌስታል ተጠቅልሎ በሳጥን ይቀመጣል፣ በክረምት ዝናብ ይርሳል፣ በሦስተኛው ዓመት ጽሑፉ አይነበብም። የሚንቀሳቀሰው ምስል ራሱ፣ ማለትም አምሳያ ሊሠራበት የሚችለው፣ ማሽኑ ሲሞላ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴና በኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት መሣሪያን ብቻ ሳይሆን መዝገብንም ያሳጣ ነበር። መሣሪያ ሲተካ የምስል ማስቀመጫ አብሮ ቢታሰብ፣ ወጪው ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ሳይደበላለቅ ይቀመጥ። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወስደውን የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ምንም ዓይነት አምሳያ አይተካውም። ጉሮሮው ያመመውን ሕፃን በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድንም እንዲሁ።

የእኔ ምርመራ ለማን ይደርሳል?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ይመድባል። ለሕክምና የሰጡት ፈቃድ ለምርምር እንደሰጡት አይቆጠርም፤ ምስልዎ አምሳያ ለመሥራት ከተፈለገ ለብቻው ሊጠየቁና እምቢ ማለትም ሊችሉ ይገባል። ስምን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ከራስ ቅል ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ የሰውን ፊት መልሶ መሥራት ይቻላል፤ ከአንድ ትንሽ ቀበሌ የመጣ ብርቅ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ዕድሜውና ወረዳው ብቻ ማንነቱን ሊናገሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ኢኮ ወይም ሲቲ ስካን ሲነሡ መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ ምስሉ ሆስፒታሉ ውስጥ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል? ቅጂውን በሲዲ ወይም በፍላሽ መውሰድ ይቻላል? ከእኔ ሐኪም ሌላ ማን ያየዋል? ለምርምር ከሆነ ደግሞ፣ ሐሳቤን ብቀይር ማስወጣት እችላለሁ?